የኪሩ ሁለተኛ ዓይን

ሰኞ፣ ሐምሌ 3 ቀን 1998 ዓ.ም.፣ ካምፓላ

ትናንት የዓለም ዋንጫ አለቀ። ዛሬ ጠዋት ዘርፈሽ አስጠራችኝና ካባላጋላ ምግብ ቤቷ ሄድኩ። አንድ ወር ሙሉ ኳስ ሲያይ የከረመው ሰው ጭንቅላቱን እያስደገፈ የኋለኛውን ግድግዳ በፀጉር ቅባት አበላሽቶታል። "እጠቢውም ቀቢውም፣ ብቻ ይህን ሁሉ ጭንቅላት ከፊቴ አንሺልኝ" አለችኝ። ቆጠርኩት። ሃያ ሦስት የቅባት ጭንቅላት ነው፣ በሥርዓት ተደርድሯል።

እዚያው እንደቆምኩ ሐሳቡ መጣልኝ። ግብር እሥላለሁ። የድሮ የቤተ መንግሥት ግብር፣ ገበታው ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋ። ተጋባዦቹ ግን እዚሁ ካምፓላ ያለነው አበሾች፣ በየመልካችን፣ በጥንት ልብስ። ሲመረቅ ደግሞ ሁሉም ግድግዳው ላይ የለበሰውን ለብሶ ይመጣል። ዘርፈሽ ትንሽ አሰበችና "እኔ እቴጌ ነኝ፣ መሐል ላይ" አለች። መሐሉን ለራሴ አስቤው ነበር። እሺ አልኳት።

ምረቃው ጳጉሜን 4 ቅዳሜ እንዲሆን አድርጌያለሁ። ለምን እንደሆነ ለማንም አልተናገርኩም። የዚያን ቀን አርባ ዓመት ይሞላኛል። እኛ ዘንድ ልደት የልጅ ነው። ትልቅ ሴት ለራሷ ደገሰች ከተባለ እስከ መስቀል ይወራል። ስለዚህ የግድግዳ ምረቃ ነው። ሰው ካባ ለብሶ ይምጣልኝ እንጂ ለምን እንደመጣ ባያውቅም ግድ የለኝም።

ኪሩም ይደርሳል። ባሌ ነው። ለአንድ ነጋዴ ፒክአፕ ሊነዳ ጁባ ከሄደ ስድስት ወሩ ነው። የሄደው ለሦስት ወር ነበር።


ሐምሌ 6፣ ሐሙስ

እስካሁን የተመዘገቡት፦ አሥራ አንድ ራስ፣ ሦስት ደጃዝማች፣ አንድ እቴጌ። የዘርፈሽ አስተናጋጅ ለሚ አንበሳ የገደለ አዳኝ መሆን ይፈልጋል። "የት ገደልከው?" ስለው "ግድግዳው ላይ ነዋ" አለኝ። ጠጅ አሳላፊ የሚሆን ግን ጠፋ። "ለሚ፣ ላንተ እኮ ሥራህ ነው" ስለው ተቀየመ። "ቀኑን ሙሉ ሳሳልፍ ውዬ ግድግዳም ላይ ላሳልፍ?" እውነቱን ነው።

አሳላፊዋን እኔ እሆናለሁ። ጋሻ ጃግሬም የለም፣ እሱንም እኔ። ከእቴጌዋ ፈንጠር ብላ የተቀመጠችው ወይዘሮ ደግሞ ከመጀመሪያውም እኔ ነበርኩ። እንግዲህ ሦስት ቦታ አለሁ ማለት ነው። ልብሳችን ስለሚለያይ ሰው ቶሎ አይነቃም።

ከወይዘሮዋ አጠገብ ያለው ቦታ የኪሩ ነው።

(ለሚ ነቃ። "ጽጌ፣ ስንት ነሽ?" አለኝ። ሰው ስላነሰ ነው አልኩት።)


ሐምሌ 11፣ ማክሰኞ

ናኪቩቦ ገበያ ዋልኩ። ከልባሽ ክምር ውስጥ ፀጉራም የሴት ካፖርት አገኘሁ። ለሁለት ራስ የሚሆን ጎፈር ይወጣዋል። የድስት ክዳንም ገዛሁ፣ ለጋሻ።

ከዚያ መጋረጃ ከሚሸጠው ከየሱፍ ሱቅ ገባሁ። የወሎ ሰው ነው፣ ጨዋታ ያውቃል። "ከፋዩን ውሰጂ፣ አብሽሪ፣ ግን እኔስ የታለሁ?" አለኝ። ራስ ላድርግህ ስለው አልተቀበለም። "የእስላም ገበታ ለብቻ ነበር የሚዘረጋው፣ ሥጋውም ለብቻ። የድሮውን ካነሳሽ አሟልተሽ አንሺው። እኔ ነጋድራስ ነኝ፣ ገበታዬም ሙሉ ይሁን።" በግራ በኩል ለብቻው ሙሉ ገበታ እሠራለታለሁ። አንድ ሰው ነው፣ ለዐሥር የሚበቃ ምግብ ይቀርብለታል።

የሱፍ ጁባ የእህቱ ልጅ አለው። ስለዚህ "የኪሩን ወሬ ትሰማለህ?" አልኩት። "ደህና ነው አሉ፣ አልሐምዱሊላህ" አለና ጨርቁን ለካው። ከዚያ ደግሞ ለካው። ጠንቃቃ ነጋዴ ነው።

ካፖርቱን ጭንቅላቴ ላይ አድርጌ በቦዳ ሞተር ተመለስኩ።


ሐምሌ 16፣ እሑድ

ኪሩ እሑድ እሑድ ነው የሚደውለው። ዛሬ አልደወለም። የጁባ ኔትወርክ አስቸጋሪ ነው። እዚህም መብራት አንድ ቀን አለ፣ አንድ ቀን የለም። ለሚ ስልኬን በምግብ ቤቱ ጄኔሬተር ቻርጅ አድርጎልኛል። ሙሉ ነው። ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ፣ ሙሉ ነው።


ሐምሌ 20፣ ሐሙስ

ፊት ጀመርኩ። ሰዉን በየተራ የቢራ ሳጥን ላይ አስቀምጬ ፊት ለፊት አየዋለሁ።

አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበር። እኔ ሴት ስለሆንኩ ቀለም በጠበጥኩለት እንጂ ብሩሽ አላስነካኝም። ሕጉን ግን እየሰማሁ አደግኩ። ጻድቅ ፊት ለፊት ይሣላል፣ ሁለቱም ዓይኖቹ ይታያሉ። ኃጥእ በጎን ይሣላል፣ በአንድ ዓይን። ይሁዳ አንድ ዓይን ነው፣ ሰይጣንም አንድ ዓይን ነው፣ ጌታን የገረፉት ወታደሮች እንደዚሁ። አባቴ ከሞተ በኋላ ፒያሳ ለቱሪስት ፍየል ቆዳ ላይ ስሥል ኖርኩ። ቱሪስቱ ባያውቅም ሕጉን አንድም ቀን አልጣስኩም።

እዚህም ሁሉም ሁለት ሁለት ዓይን ያገኛል፣ የማይገባውም ጭምር። ዘርፈሽ ዓይኗን ተለቅ እንዳደርግላት ጠየቀች። አደረግኩላት።


ሐምሌ 26፣ ረቡዕ

የኪሩን ፊት ሦስት ጊዜ ሣልኩ፣ ሦስት ጊዜ ፋቅኩ። የመጀመሪያው የባንክ ዘበኛ መሰለ። ሁለተኛው ወንድሜን መሰለ። ሦስተኛው ማንንም አልመሰለ። ሰው በየቀኑ "ይሄ ፊት የሌለው ማነው?" ይለኛል። ልስኑ እርጥብ ነው እላለሁ።

ያለኝ ፎቶ አንድ ነው፣ እንቴቤ ሐይቁ ዳር የተነሳው። ጥቁር መነጽር አድርጓል።

ማታ ተጋድሜ ሳስበው ምክንያቱን አገኘሁት። እኔና ኪሩ ፊት ለፊት ተያይተን አናውቅም። ሹፌር ነው። አዲስ አበባ ታክሲ ሲነዳ ጋቢና ተቀምጬ ነው የተዋወቅነው፣ ካምፓላም በሚነዳው ፒክአፕ ውስጥ ከጎኑ ነበርኩ። ቤት ስንገባ ጎን ለጎን ተቀምጠን ቴሌቪዥን እናያለን። አልጋ ላይ ጀርባውን ይሰጠኛል፣ እንቅልፍ የሚወስደው እንደዚያ ሲሆን ነው። አዲስ አበባ መሪው በግራ ስለሆነ የማውቀው ቀኝ ጉንጩን ነው። እዚህ መሪው በቀኝ ነው፣ ስለዚህ ግራውን ነው። ዛሬ ሁለቱን ጉንጮች ላጋጥማቸው ሞከርኩ። የሁለት ሰው ፊት ሆነ።

ዐሥራ ሦስት ዓመት ባልና ሚስት ነን። ማፈር የሚገባው እኔን ነው ወይስ እሱን፣ አላወቅኩም።


ነሐሴ 3፣ ረቡዕ

ፍልሰታ ገብቷል። አቶ ለተጊዮርጊስ መጡ። በወጣትነታቸው ዲያቆን ነበሩ፣ አሁን ካንሳንጋ ሰፈር ቅመም ይሸጣሉ። ማኅበረሰቡ ውስጥ በሃይማኖት ነገር የሚጠየቁ እሳቸው ናቸው። ብርንዶውን ስሥል አይተው "ወይዘሮ ጽጌ፣ በጾም?" አሉኝ። "አይበላም እኮ፣ ቀለም ነው" አልኳቸው። "ዓይንም ይጾማል" አሉ። ዘርፈሽ ደነገጠች። ጾሙ እስኪፈታ ድረስ ሥጋውን በነጭ ቀባሁት። ለአሁኑ አሥራ አንዱ ራስ ጎራዴ ታጥቀው ጠጅ ብቻ ይጠጣሉ።


ነሐሴ 9፣ ማክሰኞ

መሰላል ላይ ወጥቼ ጣሪያው ሥር ያለውን መጋረጃ ስቀባ ኩሽና ውስጥ ሲያወሩ ሰማሁ።

ዘርፈሽ፦ "ሰባት ወር ሙሉ ወንበር ይዛለት ትጠብቃለች።"

ለሚ፦ "እዚያም ወንበር አግኝቷል ነው የሚባለው።"

ዘርፈሽ፦ "ሆድ ይፍጀው። ድምፅህን ቀንስ።"

ስለ አንድ ደንበኛ የሚያወሩ መሰለኝ። መጋረጃው አምሮልኛል። መውረድ ሲገባኝ ግን የቀባሁትን ሩብ ሰዓት ያህል ደግሜ ቀባሁት።


ነሐሴ 14፣ እሑድ

ኪሩ ደወለ። አራት ደቂቃ።

የጁባ ሙቀት አይጣል ነው አለ። ሥራው እየሰፋ ነው። ስለ ምረቃው ነገርኩት፣ ጳጉሜን አራት እንድትደርስ አልኩት። "እስኪ እናያለን" አለ። "ቀኑን ታስታውሰዋለህ?" አልኩት። "ቅዳሜ ነው አላልሽም?" አለ። አዎ፣ ቅዳሜ ነው።

ከበስተኋላው የዐረብኛ ዘፈን ይሰማ ነበር፣ ሬዲዮ መሰለኝ። አንዲት ሴት አብራ ታንጎራጉራለች። እሷም ሬዲዮው ውስጥ መሆን አለባት ብዬ ነበር። ሬዲዮው ሲዘጋ ግን ማንጎራጎሯን ቀጠለች።


ነሐሴ 19፣ ዓርብ

የኪሩን ፊት ጨረስኩ። በጎን ነው።

ምክንያቱን ልጻፍ። ቀን እያለቀ ነው። ደግሞም ከወይዘሮዋ ጋር እያወራ ስለሆነ ፊቱን ቢያዞር የሚደንቅ አይደለም። እዚህ አገር ሕጉን የሚያውቅ ሰውም የለም። ከሁሉም በላይ ግን የማውቀው ይሄንን ፊት ብቻ ነው። ኪሩን ለመጀመሪያ ጊዜ ኪሩን አስመስዬ ሣልኩት። አፍንጫው፣ አገጩ ሥር ያለችው ጠባሳ፣ ሲያስብ ወደታች የምትወርደው ከንፈሩ። ስጨርስ ደስ አለኝ፣ በጣም ደስ አለኝ።

ለሚ መጥቶ አየና "ራሱ ነው" አለ። ቆይቶ ደግሞ "ወዴት ነው የሚያየው?" አለኝ። "ወደ እኔ" አልኩት። "አንቺ እኮ በዚያ በኩል ነሽ" አለኝ።

ልክ ነው። የሣልኩት እዚህ የለመድኩትን ግራ ጉንጩን ስለሆነ ፊቱ ወደ በሩ ዞሯል። ለወይዘሮዋ የሰጣት ጀርባውን ነው። ቀኑን ሙሉ ስሠራው ውዬ ይህን እንዴት እንዳላየሁ አላውቅም።


ነሐሴ 21፣ እሑድ

አቶ ለተጊዮርጊስ ሥጋው ተፈቶ እንደሆነ ሊያዩ መጡ። ተፈትቷል። አንድ በአንድ እያዩ ሄደው ኪሩ ዘንድ ሲደርሱ ቆሙ።

"ወይዘሮ ጽጌ፣ የዚህ ሰውዬ ሌላው ዓይን የት ሄደ?"

"በዚያኛው በኩል ነው" አልኳቸው።

"በዚያኛው በኩል ያለውን እግዜር ያየዋል። እኛ የምናየው በይሁዳ ወግ የተሣለ ሰው ነው።" መነጽራቸውን አወለቁ። "ባልሽ አይደለም እንዴ?"

እሑድ ስለሆነ ቤቱ ሙሉ ነበር። ሰው ሁሉ እጁን ከትሪው አንሥቶ ዞረ። እዚህ ሕጉን የሚያውቅ የለም ብዬ ነበር። ለካ የማያውቅ የለም፣ ሁሉም እናቱ በልጅነቱ ቤተ ክርስቲያን ወስዳ "ያ አንድ ዓይናው ሰይጣን ነው" ብላ አሳይታዋለች።

ዘርፈሽ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ "ሠራሽለት" አለችኝ። በአድናቆት ነው ያለችው።

ሳላስበው ነው ብዬ ነገርኳት። "እሱማ ነው" አለች።


ነሐሴ 23፣ ማክሰኞ

በችኮላ።

ሰው ምሳ ሊበላ ሳይሆን ኪሩን ሊያይ ይመጣል።

አንዱ ራስ ከኃጥእ አጠገብ አልቀመጥም፣ ቦታ ቀይሪልኝ አለ።

የማላውቃት ሴት ታክሲ ውስጥ እጄን ጨብጣ "ጀግና" አለችኝ።

የሱፍ ስልክ ደወለ። ወሬው ጁባ ደርሷል። "የእህቴ ልጅ ነገረኝ። እኔ አፌን አላላቀቅኩም፣ ወላሂ" አለ። ቀጥሎ ምንም ሳልጠይቀው "ጽጌ እህቴ፣ እኔ ሰው ቤት ነገር አልገባም፣ ይቅርታ አድርጊልኝ" አለኝ። ምን እንዳደረገኝ ሳላውቅ ይቅር አልኩት።

ሳላስበው ነው። ሳላስበው ነው የሣልኩት። ልፍቀው ብዬ ሁለት ጊዜ መፋቂያ አንሥቼ አስቀመጥኩ።


ነሐሴ 25፣ ሐሙስ

ኪሩ ደወለ። በሐሙስ ቀን! ዐሥራ አንድ ደቂቃ አወራን። ከሄደ ጀምሮ ይህን ያህል አውርተን አናውቅም።

"አንድ ዓይን አደረግሽኝ?" አለ፣ ሰላምም ሳይለኝ።

"ፊትህ ጠፍቶኝ ነው።"

"ጁባ ያለ አበሻ ሁሉ ሲያየኝ አንድ ዓይኑን እየጨፈነ ነው የሚስቀው። አለቃዬ እንኳ! ዐሥራ ሦስት ዓመት ኖረሽ ፊቴ ጠፋሽ?"

"ከጎንህ ነው የኖርኩት" አልኩት።

ከዚያ "እመጣለሁ፣ አስተካክለሽ ትሥዪኛለሽ" አለ። ሰባት ወር ና ስለው መንገዱ፣ ሥራው፣ ሙቀቱ ሲል የነበረ ሰው ለአንድ ዓይን ሲል ይመጣል። ይምጣ እንጂ ስለ ምንም ይምጣ። ስልኩን ስዘጋ እየሳቅኩ ነበር። ሣቄን ዘርፈሽ አየችና ፊቷን አዞረች። ባል መጣ ብሎ የሚያዝን ሰው አይቼ አላውቅም።


ጳጉሜን 2፣ ሐሙስ

ኪሩ ገባ። የአውቶቡስ አቧራ ለብሶ ንሳምብያ ቤታችን ድረስ መጣ። ለሦስት ቀን ልብስ የምትሆን ቦርሳ ይዟል።

ከትዝታዬ ልክ የሰፋሁለትን ካባ አለበስኩት። ጠበበው። ጁባ ምግብ የለም፣ ስቃይ ነው ሲል ነበር። ወፍሯል። ጎኑን ተርትሬ አሰፋሁት።

ሸሚዙን ሳጥብ ሁለት ቁልፎች በሰማያዊ ክር ተተክለው አገኘሁ። እኔ ሰማያዊ ክር የለኝም። ኪሩ ደግሞ መርፌ ይዞ አያውቅም። ጁባም ልብስ ሰፊ አይጠፋም።

ስፌቱ ጥሩ ነው። እኔ ራሴ ከዚህ አላሻሽለውም።


ጳጉሜን 3፣ ዓርብ

ዛሬ የሆነውን ሁሉ ልጻፍ።

ዘርፈሽ ምግብ ቤቱን እስከ ቀትር ዘጋችልን። ውጭ ዝናብ ነበር። የሩፋኤል ዝናብ ነው ብለው አስተናጋጆቹ እየወጡ ተመቱበት። እኔ የድሮውን ጭንቅላት ፍቄ፣ ነጭ ቀብቼ፣ ኪሩን ካባውን አልብሼ የቢራ ሳጥኑ ላይ ፊት ለፊቴ አስቀመጥኩት። መብራት የለም፣ ግን ከበሩ የሚገባው ብርሃን ይበቃል።

"ቶሎ በይ" አለኝ።

"ወደ እኔ እይ" አልኩት።

አየኝና ወለሉን አየ። አየኝና በሩን አየ። ሰው ከሁለት ትንፋሽ በላይ ፊት ለፊት ማየት እንዴት እንደሚያቅተው እስከ ዛሬ አላውቅም ነበር። ግንባሩ ሰፊ ነው። ቅንድቦቹ እኩል አይደሉም። ቀኝ ዓይኑ ከግራው ትንሽ ዝቅ ይላል። ሁለቱ ጉንጮች ለምን እምቢ እንዳሉኝ ገባኝ፣ የሚገናኙበትን ቦታ አይቼው አላውቅም። የማላውቀው መልከ መልካም ሰውዬ ነው። አሳዘነኝም፣ አስቆጣኝም።

ስልኩ ጮኸ። አላነሳውም። ደግሞ ጮኸ። "አንሣው" አልኩት። "ሥራ ነው" አለና አጠፋው።

አፍንጫውን ጨረስኩ። አፉን ጨረስኩ። ግራ ዓይኑን ሠራሁ። ቀኙ ቀረ።

"ሰው ምን አለሽ?" አለኝ።

"ስለ ምን?"

"ስለ እኔ።"

"ምንም።"

"ጽጌ፣ ጁባ ቤት ይዣለሁ።"

"ብርሃን ይገባዋል?" አልኩት። ለምን ይህን እንደጠየቅኩ አላውቅም። ቤት ሲባል መጀመሪያ የምጠይቀው እሱን ነው።

"ይገባዋል" አለ። ከዚያ "ብቻዬን አይደለሁም" አለ።

"አገጭህን ቀና አድርግ" አልኩት።

ቀና አደረገ። ከአንዲት ሴት ጋር ነኝ፣ ከመጋቢት ጀምሮ ነው አለ፣ አገሯ መቀሌ ነው፣ ሻይ ቤት አላት። ማርገዟንም ነገረኝ። ይህን ሁሉ ሲነግረኝ ወለሉንም በሩንም አላየም። ሁለቱም ዓይኖቹ እኔ ላይ ነበሩ። ተናደድኩ። ብሩሹን ልወረውርበት እጄን አንሥቼ ነበር፣ ቀይ ነበረበት፣ ካባው ላይ ነጠብጣብ አለ። ቀኝ ዓይኑን ትቼው መሄድ እችል ነበር። ማንም አይፈርድብኝም፣ ከተማው ሁሉ በአንድ ዓይን ለምዶታል። ታክሲ ውስጥ ያቺ ሴት እንደገና ትጨብጠኝ ነበር።

ግን አይቼዋለሁ። በዐሥራ ሦስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት አይቶኛል፣ እኔም አይቼዋለሁ። ሠዓሊ ያየውን ይሠራል።

ቀኙን ዓይን ሠራሁት። ከሣልኳቸው ዓይኖች ሁሉ የሚበልጥ ነው። ከዚያ ጓሮ ወጥቼ የቢራ ሳጥን ክምር መሐል ቆሜ አለቀስኩ። ዝናቡም እየመታኝ ስለነበር ለሚ ሲያየኝ ጠበል መስሎት "ሩፋኤል ይማርሽ" ብሎኝ ገባ።


ጳጉሜን 5፣ እሑድ

ምረቃው ትናንት ሆነ። አልሰርዝም አልኩ። የኔ ቀን ነው።

አሥራ አንድ ራስ በቦዳ መጣ። የካባላጋላ ሰው ሠርግ መስሎት አጨበጨበ። የካፖርቱ ጎፈር በዝናቡ እየረገፈ አንዱን ራስ በራ አደረገው። ለሚ የገደለውን አንበሳ ጅራት ይዞ ገባ፣ የበግ ነው። የሱፍ ነጋድራስ ሆኖ ለብቻው ገበታው ላይ ተሰየመና ግድግዳው ላይ የሣልኩለትን ያህል ምግብ ስላልቀረበለት አኮረፈ። ዘርፈሽ ዘውዷን እስከ ሌሊት አላወለቀችም፣ ሒሳብ እንኳ ስትቀበል።

እኔ ሦስቱንም ልብስ ደርቤ ለብሼ ነበር። መጀመሪያ ጋሻ ጃግሬ ሆኜ በር ላይ ቆምኩ። ያንን አውልቄ ጠጅ አሳለፍኩ። ሦስተኛው ላይ ስደርስ ወይዘሮ ሆንኩ።

አቶ ለተጊዮርጊስ ግድግዳውን አይተው "ዳነ" አሉ።

"ምን ሠርቶ ዳነ?" አለች ዘርፈሽ።

"እውነት ተናግሮ" አልኳት። ኪሩ ሰማኝ። ከጠባቡ ካባ ውስጥ ሆኖ ጠጁን አስቀመጠ።

ሰው ንግግር ንግግር ሲለኝ ወንበር ላይ ወጣሁ። ስለ ግድግዳው ልናገር ነበር ያሰብኩት። አፌን ስከፍት ግን "ዛሬ አርባ ዓመቴ ነው፣ ድግሱ የኔ ነው" አልኩ። አንድ ሰው ሳቀ። አቶ ለተጊዮርጊስ ቀድመው ተነሡና "ለመቶ ያድርስሽ" አሉ። የሱፍ ኩርፊያውን ትቶ "አላህ ዕድሜሽን ያርዝመው" አለ። ከዚያ ሁሉም ተነሣ። እጄን ሳሙ፣ ትከሻዬን ሳሙ፣ እኔም ተሳምኩ። ኪሩ ግንባሩን ይዞ ቁጭ እንዳለ ነበር። ቀኑ ቅዳሜ ብቻ እንዳልነበር ያኔ ነው የገባው።

አልዋሽም፣ ደስ ብሎኛል። ከደስታዬ ጋር ሌላም ነበር፣ ግን ደስ ብሎኛል።


መስከረም 2 ቀን 1999፣ ማክሰኞ

ጠዋት ሄደ። አውቶቡስ ድረስ ሸኘሁት። ሰዓቱ እስኪደርስ ፊት ለፊቱ ቆምኩ፣ ከጎኑ አልቆምኩም። "ይቅር በይኝ" አለ። "ዛሬ አልችልም" አልኩት። "መቼ?" አለ። አላውቅም አልኩት። እውነቴን ነው፣ አላውቅም።

ስመለስ የያዝኩት የቦዳ ልጅ መንገድ ዳር አቁሞ "ኛቦ፣ እመቤቴ፣ ደህና ነሽ?" አለኝ። ጀርባው ላይ እያለቀስኩ መሆኔን ያወቅኩት ያኔ ነው። ንዳ አልኩት።


መስከረም 5፣ ዓርብ

ከኪሩ አጠገብ የተቀመጠችውን ወይዘሮ ዛሬ አወጣኋት። ካባዋን፣ ወንበሯንና እጇን ተውኩ። ፊቷን ብቻ በነጭ ቀባሁት።

ዘርፈሽ ከኩሽና ብቅ አለች። ልትቆጣኝ ነበር የመጣችው። ከዚያ ኪሩን አየች፣ ነጩን አየች፣ እኔን አየች። ወሬውን ከእኔ በፊት ታውቀው እንደነበር አሁን ሁለታችንም እናውቃለን።

"ታዲያ በቦታሽ የጁባዋን ልታስቀምጫት ነው?" አለች።

"አይቻት አላውቅም" አልኳት። "ያላየሁትን አልሥልም። ይዟት ከመጣ ሳጥኑ ላይ አስቀምጣታለሁ።"

"ሁለት ዓይን ልትሰጫት?"

"ቀና ብላ ካየችኝ።"

ዘርፈሽ ወደ ኩሽና ተመልሳ ሽሮ አወጣችልኝና ከፊቴ ተቀመጠች። ከጎኔ አልነበረም የተቀመጠችው፣ ከፊቴ ነው። ከሰኞ ጀምሮ እህል አልቀመስኩም ነበር። ጨርሼ በላሁ።